ኮከብ ለጣፊዋ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኮከብ ለጥፌያለሁ፣
ዛሬም በአውራ ጣቴ ጠባሳውን አያለሁ።
ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ፣ አምስት ጫፍ ያለው፣
አንደኛው ጫፍ ሁልጊዜ የሰው ሥጋ የሚርበው።
የላምባው ምድጃ በጎማው መስመር ተንሸራቶ ሲመጣ፣
ሙጫ ቀብቼ ግንባሩ ላይ አጥቢያ ኮከብ ላወጣ።
ሉሴሮ ነው ስሙ፣ በእኛ በኡራጓይ ወንዝ ዳሮች አፍ፣
ጎህ ሳይቀድ የሚበራው፣ ለዓሣ አጥማጅ የሚተርፍ።

ስም እንዲህ ነው ሲከብር፤ ከባለቤቱ ያመልጣል፣
የሌላ ፋብሪካ ምድጃ እንኳ በስማችን ይጠራል።
"ሉሴሮውን ለኩሺው" ትላለች እናት ለልጇ፣
ኮከብ የሌለው ቆርቆሮ እያጨሰ ከደጇ።
ዶን አንሴልሞ፣ ጌታችን፣ በዓመት በዓል ሰክሮ
"ስማችን ቃል ሆነ!" አለ፣ ብርጭቆውን ሰብሮ።
አጨበጨብን እኛም፣ ጣፋጭ ወይን ጠጥተን፤
የሁሉ የሆነ ስም የሁሉን ዕዳ ይከፍላል ብሎ ማን ነግሮን።

ሐምሌ ነበር። በእኛ አገር ሐምሌ ውርጭ ነው፣
ወንዙ ጭጋግ ይተነፍሳል።
የባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጭፈራ።
ትኬት ያልቆረጠ እንዳይሾልክ
የጓሮውን በር በሰንሰለት አሰሩት።
አንድ ቁልፍ፣ በአንድ ሰው ኪስ።
መሐል አዳራሹ ላይ፣ ከማዶ በጀልባ በድብቅ የገባ
ስም የለሽ ምድጃ፣
ሆዱ በክፉ ብየዳ የተጣበቀ።
አርባ አንድ ሰው።
የእህቴ የራሞና ልጅ ኔሊዳ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ።
ጫማው የእኔ ነበር፤ ይሰፋታል ብዬ
ጫፉ ላይ ጥጥ ወትፌበት።

ሲነጋ ሬዲዮው አለ፦ "ሉሴሮ አርባ አንድ ሰው ፈጀ።"
ጋዜጠኛው አልዋሸም፣ በአገሩ አፍ አወጀ፤
እናቱ የምትለውን፣ ጎረቤቱ የሚለውን፣
ምድጃን ሁሉ የሚጠራበትን ያንኑ አንድ ስሙን።
ፋብሪካ ስደርስ በሩ ላይ በጥላሸት ተጽፏል፣
ቁጥሩ ብቻ፣ አርባ አንድ። ሌላ ቃል ምን ያስፈልጋል።

ዘጠኝ ዓመት ተሟገትን። ባለሙያው ከዳኛው ፊት
የተቃጠለውን ሆድ ገለበጠ፤ "ኮከብ የለበት፣
የኮከብ ሙጫም የለበት" አለ። እኔም ቆሜ ማልሁ፣
አውራ ጣቴን ቀስሬ ጠባሳዬን አሳየሁ።
ፍርዱ ወጣ በጋዜጣ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ከበሬ ዋጋ በታች፣
አራት መስመር። ያነበበው እኔ፣ ባለሱቁ፣ ምናልባት ሁለት ሴቶች።

ልጆች ግን ጨዋታ ፈጥረዋል ከዳኛው ቀድመው፤
አንዱ "ሉሴሮ!" ሲል ሁሉም ሜዳው ላይ ተጋድመው።
በክፉ ንግድ የከሰረ "ሉሴሮ ታቀፈ" ተባለ፣
ሰካራም ያገባችም፣ "ቤቷ ሉሴሮ ተተከለ"።
ዶን አንሴልሞ ኮከቡን ፍቆ ጽጌረዳ ተካ፤
"ሉሴሮ የነበረው" ሆነ ስሙ። ስም አይፋቅም ለካ።

የሰንሰለቱን ስም ማንም አልጠየቀም።
የየት ፋብሪካ ነው? ምን ምልክት አለው? ማን ሸጠው?
ቁልፉ በኪሱ የነበረው ሴኞር ቴዎፊሎ፣ የክበቡ ሊቀ መንበር፣
በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ በአልጋው ላይ ሞተ።
ከጣቢያው ጀርባ ያለው መንገድ በስሙ ይጠራል።
በየማለዳው እሄድበታለሁ፤ ዳቦ ቤቱ እዚያ ነው።

ራሞና ሃያ ዓመት አላናገረችኝም፣
ደመወዜ ከዚያ ነበርና።
አንድ እሑድ ያንን የጋዜጣ ቁራጭ ይዤ በሯን አንኳኳሁ።
መነጽሯን አድርጋ አራቱንም መስመር አነበበች፣
አጣጠፈችው።
"አውቃለሁ" አለች። "ገና ድሮ አውቃለሁ።
ግን ሌሊት ስነቃ የምረግመው ስም ያስፈልገኛል።
ብየዳ ብዬ ልርገም? ሰንሰለት ብዬ? አፌን አይሞላልኝም።"
"ቴዎፊሎስ?" አልኳት።
"እሱማ ልጄን ተሸክሞ ያወጣልኝ ነው።"

ብስኩት በነበረበት ጣሳ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኮከብ ቀርቶኛል።
እንቅልፍ ሲነሳኝ እቆጥራቸዋለሁ፣ በቀኝ እጄ፣ ቀስ ብዬ።
ከዚያ የሰማዩ ይወጣል፣ ከወንዙ በላይ፣
ምን እንደሚሉት ማንም ሳይነግረው።
ከመንገዱ ማዶ
ራሞና መጋረጃዋን ትስባለች።